ገቢው ወረቀት የሌለው ሰው፦ የኒው ኦርሊንስ ሙዚቀኞች ከጎርፉ በኋላ

ውኃ የጠጣ ማሲንቆ ያሳዝናል። ቆዳው ያብጥና ከዳር ይለቃል፣ የፈረስ ጭራው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሳጥኑ ውስጥ የገባው ደለል ሲደርቅ ደግሞ በነቀነቁት ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ይህን ያየሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከጥቂት ክረምቶች በፊት፣ በአንድ የሐምሌ ሌሊት፣ የሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ በቆሻሻ ተደፍኖ ኖሮ ውኃው ወደ ቤቶቹ ዞረ። አራት አዝማሪዎች በጋራ የተከራዩት ክፍል ውስጥ እስከ ጉልበት ገባ። ሁለት ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮና ዕዳው ገና ተከፍሎ ያላለቀ ድምፅ ማጉያ ውኃ ውስጥ አደሩ። እኔ ያኔ የእድራችን ጸሐፊ ስለነበርኩ ጉዳያቸውን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ።

ማሲንቆዎቹ በሁለት ሳምንት ዳኑ። አንድ ሽማግሌ ሠሪ ሳጥኖቹን በጥላ አደረቋቸው፤ ልጆቹ ቶሎ ይድረቅ ብለው ፀሐይ ላይ ሊያሰጡት ሲሉ «እንጨቱን ልትሰነጥቁት ነው?» ብለው ሲቆጡ ትዝ ይለኛል። አዲስ የፍየል ቆዳ ወጠሩበት፣ አዲስ ጭራ አሰሩለት፣ ዕጣን አሸት አሸት አድርገው ቃኙት። ክፍሉ ግን አልተመለሰም። አከራዩ ግድግዳውን አሳድሶ ኪራይ ጨመረ። ብድር ልንጠይቅ የሄድንበት መሥሪያ ቤት የኪራይ ውልና የገቢ ማስረጃ አምጡ አለን። ውሉ በቃል ነበር። ገቢያቸው ደግሞ ሌሊት ግንባራቸው ላይ የሚለጠፍ ብር ነው፤ ለእሱ ማን ማስረጃ ይጽፋል? ከአራቱ ሁለቱ ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። እስካሁን አልተመለሱም።

ይህ ነገር ስላልወጣልኝ ነው በሙዚቃ የምትኖር ሌላ ከተማ ከጎርፍ እንዴት እንደተነሣች መከታተል የጀመርኩት። የመረጥኩት ኒው ኦርሊንስን ነው። የሀብታም አገር ከተማ ከእኛ ጋር ምን ያገናኛታል የሚል ይኖር ይሆናል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን የዚያ ሙዚቀኛ ኑሮ ቁርጥ የአዝማሪውን ነው።

ውኃው

ኒው ኦርሊንስ በአሜሪካ ደቡብ፣ በሉዊዚያና ግዛት ትገኛለች። በአንድ ወገን ሚሲሲፒ ወንዝ፣ በሌላው ወገን የፖንቻርትሬን ሐይቅ ይዘዋታል። ዓባይና ጣና መካከል ላደገ ሰው አቀማመጧን ለመገመት አይቸግርም። ልዩነቱ የከተማዋ ሰፊ ክፍል ከባሕር ጠለል በታች መሆኑ ነው። ዙሪያዋን በግድብና በግንብ ታጥራ ነው የምትኖረው፤ የዝናቡን ውኃ እንኳ በፓምፕ ስበው ነው የሚያወጡት።

ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የመታት ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ መሆኑ ነው፤ እኛ ዘንድ አዝማሪው ሥራ አጥቶ ከርሞ እንቁጣጣሽን የሚጠብቅበት ወቅት። ከተማዋን ያሰጠማት ግን ነፋሱ አይደለም። በ17ኛው ጎዳና ቦይ፣ በለንደን አቬኑ ቦይና በኢንዱስትሪያል ቦይ ላይ የቆሙት ግንቦች ተደረመሱ፤ ከከተማዋ 80 በመቶ የሚሆነው ተጥለቀለቀ። ግንቦቹን የሠራው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል በዓመቱ ጉድለቱ የእሱ እንደሆነ አመነ። ከሺህ በላይ ሰው ሞተ። ውኃው ተስቦ እስኪያልቅ ከወር በላይ ፈጀ። በቆጠራ 485 ሺህ ገደማ ሕዝብ የነበራት ከተማ ከአደጋው አምስት ዓመት በኋላ ስትቆጠር 344 ሺህ ገደማ ብቻ ተገኘባት።

እንደዚያ ባለ ቁጥር ውስጥ ሙዚቀኛ ብቻውን አይታይም። እሱን ለማየት የውኃውን ካርታ ከሰፈሮቹ ካርታ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

መድረኩ ደረቅ

ቱሪስቱ የሚያውቃት አሮጌዋ ሰፈር ፍሬንች ኳርተር ወንዙ ዳር ባለው ከፍታ ላይ ስለተቆረቆረች ውኃው ብዙም አልነካትም። ክለቦቹ ከነወንበራቸው ቆመው ቀሩ። በየክለቡ የሚጫወቱት ሰዎች ግን የሚያድሩት በትሬሜ፣ በጀንቲሊ፣ በሰባተኛውና በዘጠነኛው ዋርድ (ቀበሌ እንደ ማለት ነው) ነበር፤ ጎርፉ ያገኘው እነዚህን ነው። ከተማዋ ሥራውን ይዛ ሠራተኛውን አጣች ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት አደጋ ውጭ ለሚያየው ያሳስታል። መብራቱ ሲበራ፣ ክለቡ ሲከፈት፣ «ሙዚቃው ተመለሰ» ይባላል።

ፋትስ ዶሚኖ፣ ከሮክ ኤንድ ሮል ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ፒያኖ ተጫዋች፣ በ77 ዓመቱ የታችኛው ዘጠነኛ ዋርድ ቤቱ ውስጥ ነበር። ለቀናት ደብዛው ጠፍቶ ሞቷል ተብሎ ነበር፤ ቤቱ ግድግዳ ላይ የስንብት ቃል የጻፈለት ሰው እንኳ ነበረ። በጀልባ አውጥተውት ኖሯል። ፒያኖዎቹ ግን ተገለባብጠው ጭቃ ውስጥ ቀሩ፤ ነጩ ግራንድ ፒያኖ ከዓመታት በኋላ ታድሶ በግዛቱ ሙዚየም ለእይታ ቆሟል። የክላርኔት ተጫዋቹና መምህሩ ማይክል ዋይት በለንደን አቬኑ ቦይ አጠገብ በነበረው ቤቱ ከ50 በላይ ክላርኔቶች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የሙዚቃ ቅጂዎችና መጻሕፍት፣ ከአሮጌ ሙዚቀኞች ዕድሜ ልኩን የሰበሰባቸውን ወረቀቶች አጣ። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ጎጃም ነው፤ አንድ የቅኔ መምህር ያሰባሰቧቸውን ብራናዎች በአንድ ሌሊት ጎርፍ ቢበላባቸው ማለት ነው። ቆዳ እንደሚተካው እሱ አይተካም።

ለመሣሪያ የሚሆን እርዳታ ቶሎ መጣ። የግራሚ ሽልማትን የሚሰጠው የቀረጻ አካዳሚ የመረዳጃ ክፍል ሙዚኬርስ የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ሰጠ፤ በአንድ ታዋቂ ክለብ ስም የተቋቋመው የቲፒቲናስ ፋውንዴሽን ለትምህርት ቤቶች መሣሪያ አከፋፈለ። ይህን ሁሉ አመሰግናለሁ። ትራምፔት ለሙዚቀኛ ሲሰጥ ደስ ይላል፤ ፎቶም ይወጣል። ነገር ግን ትራምፔቱን ተቀብሎ የሚያድርበት ያጣ ሰው ትራምፔቱን ይዞ ሌላ ከተማ ይገባል። የሆነውም ይኸው ነው። ሙዚቀኞቹ በሂዩስተን፣ በኦስቲን፣ በአትላንታ፣ በባተን ሩዥ ተበተኑ። ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው አለን ቱሳን ቤቱንና ስቱዲዮውን አጥቶ ኒው ዮርክ ገባ። ሂዩስተን ሰፍረው ለአንድ የቅዳሜ ሌሊት ሥራ ወደ ኒው ኦርሊንስ ነድተው የሚመለሱም ነበሩ። መንገዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ማለት ነው። ለአንድ ሌሊት ሽልማት ሄዶ መመለስ፣ በየሳምንቱ።

ወረቀቱ

ቤት የነበራቸውም ቢሆኑ በቀላሉ አልተመለሱም። ግዛቱ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ባለቤቶች እስከ 150 ሺህ ዶላር የሚሰጥ ሮድ ሆም የተባለ ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር። ስሌቱ የቤቱን የቀድሞ የገበያ ዋጋና የማደሻ ወጪውን አስተያይቶ ዝቅ ያለውን ይወስዳል። የጥቁሮች ሰፈር ቤት ገበያ ላይ ርካሽ ስለሆነ፣ ጣሪያና ግድግዳ ለማደስ እኩል ገንዘብ የሚጠይቅ ቤት እዚያ ሰፈር ከቆመ ያነሰ ተሰጠው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 ዓ.ም. በስምምነት ተዘጋ። ሌላም አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ከአያት በወረደ፣ ስሙ ባልዞረ ቤት ነበር። «ይህ የአያቴ ቤት ነው» ማለት ለጎረቤት ይበቃል፤ ገንዘብ ለሚሰጥ መሥሪያ ቤት ግን አይበቃም። ስም ሳይዞር በመቅረቱ ስንት ሰው ደጅ እንደሚጠና እዚህ ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው አስረድቼ አልደክምም።

ተከራዩ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው ያገኘው። ኪራይ ናረ። ከውኃው ከተረፉት የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መካከል አራቱን ትልልቅ መንደሮች እንዲያፈርሱ የከተማዋ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ወሰነ፤ 4,500 ያህል ቤቶች ነበሩባቸው።

በዚህ መሐል ነው ሁለት የከተማዋ ልጆች፣ ዘፋኝና ፒያኖ ተጫዋቹ ሃሪ ኮኒክ ጁኒየርና ሳክስፎን ተጫዋቹ ብራንፎርድ ማርሳሊስ፣ ሃቢታት ፎር ሂውማኒቲ ከተባለው ቤት ሠሪ ድርጅት ጋር ሆነው የሙዚቀኞች መንደር ያሰቡት። ሐሳቡ በ1998 ይፋ ሆነ፤ በመጋቢት በላይኛው ዘጠነኛ ዋርድ መሠረቱ መቆፈር ጀመረ። 72 የቤተሰብ ቤቶችና ለአረጋውያን የሚሆኑ አምስት መንትያ ቤቶች ተሠሩ፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሮዝ የተቀቡ፣ በረንዳቸው ወደ መንገድ የሚያይ። በረንዳውን ትልቅ ነገር ነው የምለው። በዚያች ከተማ ልጅ ከበሮ የሚለምደው በረንዳ ላይ ነው፤ ጎረቤት ይሰማዋል፣ ያርመዋል።

ቤቱ በነጻ አይሰጥም። ወለድ በሌለው ብድር ይገዛል፤ ገዢው ከዚያ በላይ 350 ሰዓት በግንባታው ላይ በጉልበቱ መሥራት አለበት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ደቦ ነው። ዛሬ ለአንተ ምስማር የመታ ነገ ለእሱ ትመታለታለህ።

ችግሩ የመጣው ከበሩ ላይ ነው። ብድር ለማግኘት የገቢ ማስረጃና ንጹሕ የዕዳ ታሪክ ያስፈልጋል። ክለብ ውስጥ የሚጫወት ሰው የሚከፈለው ከበር ገቢው ድርሻውን በእጁ ነው፤ የቀረው መድረኩ ፊት ከተቀመጠው ባልዲ ውስጥ አድማጭ የጣለው ሽልማት ነው። ደረሰኝ የለውም፣ ብዙውም በግብር መዝገብ አይገባም። እናም በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሙዚቀኛ በተባለው መንደር ያመለከቱ ብዙ ሙዚቀኞች ብድሩን ተከልክለው ተመለሱ፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ወጣ። እኔ ድርጅቱ ላይ አልፈርድም። ብድር ሲሰጥ ማን እንደሚከፍል ማወቅ አለበት። ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ ሠርቶ «ሥራ የለህም» የተባለውን ሰው ፊት ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እዚህ፣ ባንኮኒ ፊት፣ ከእኔ ጎን ቆሞ።

መፍትሔው ብልጭልጭ አልነበረም። ሙዚቀኞቹን አስቀምጦ የዕዳቸውን ዝርዝር ማየት፣ ግብራቸውን እንዲያሳውቁ መርዳት፣ አንድ በአንድ ወረቀታቸውን ማስተካከል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ኮንሰርት አይዘጋጅለትም። መንደሩ በሙዚቀኛ የሞላው ግን በዚህ ነው፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ናቸው፣ ሌሎቹ ሌላ ሥራ ያላቸው ጎረቤቶች። ኋላ የተወሰኑት ቤቶች የጂፕሰም ግድግዳ ብረት የሚበላ ጋዝ ማውጣት ጀምሮ ተነቅሎ እንደገና ተሠራ። ያም አለፈ።

መንደሩን ሳደንቅ ቁጥሩን አልረሳም። 82 መኖሪያ ነው። ሙዚቀኛዋ በሺዎች ለምትቆጠር ከተማ ይህ ትንሽ ነው፤ ቤት የሚገዛውም ተከራዩ ሁሉ አይደለም። የትሬሜ ተከራይ፣ ሙዚቃው ከሰፈሩ ያልተለየ ሰው፣ በዚህ በር አላለፈም።

እድራቸው

ስለ ኒው ኦርሊንስ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። በከተማዋ የጥቁሮች ሰፈሮች ከ1800ዎቹ ጀምሮ የመረዳጃ ማኅበራት አሉ። አባሉ መዋጮ ያዋጣል፤ ሲታመም ይረዱታል፣ ሲሞት ይቀብሩታል። እድር ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ከእኛ የሚለየው ቀብሩ ላይ የነሐስ ባንድ መኖሩ ነው። ወደ መቃብር ሲሄዱ ቀስ ያለ ኀዘን ይነፋሉ፣ ሲመለሱ ዜማው ፈጥኖ ወደ ጭፈራ ይዞራል፣ ከባንዱ ኋላ ሕዝቡ ይሰለፋል። ይህንን የኋላ ሰልፍ ሰከንድ ላይን ይሉታል። ማኅበራቱ በየዓመቱም የየራሳቸውን ሰልፍ ያወጣሉ፤ ለነሐስ ባንድ ዋናው የሥራ ገበያ ይኸው ነው።

ከጎርፉ በኋላ በጥር 1998 ዓ.ም. ከተበተኑበት ከተማ ሁሉ ተሰብስበው በአንድነት ትልቅ ሰልፍ ወጡ። ቤት የሌለው ሰው ከሂዩስተን ድረስ መጥቶ አስፋልቱ ላይ ጨፍሮ ተመለሰ። በዕለቱ ተኩስ ተነሥቶ ሰው ቆሰለ፤ ፖሊስም ለሰልፍ የሚያስከፍለውን የጥበቃ ክፍያ እጥፍ ድርብ አደረገው። እድር ያንን ከየት ያመጣል? ማኅበራቱ ተያይዘው ከተማዋን ከሰሱ፤ በዓመቱ በስምምነት ክፍያው ዝቅ አለ። ብቻቸውን ቢሄዱ ኖሮ የሚሰማቸው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ያቋቋማቸው ቀብር ነው፤ ያቆማቸውም የአባል ስም፣ የመዋጮ መዝገብና ሊቀ መንበር ያለው ማኅበር መሆናቸው ነው።

በመስከረም 2000 ዓ.ም. ደግሞ ከርዊን ጄምስ የተባለ ወጣት፣ ቱባ የሚሉትን ትልቅ የነሐስ ጥሩምባ ነፊ፣ ሞቶ ጓደኞቹ እንደ ወጉ በትሬሜ መንገድ እየነፉ ሲዞሩ ፖሊስ «ፈቃድ የላችሁም» ብሎ ሰልፉን በትኖ ሁለት ሙዚቀኞች ያዘ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሙሾ የምታወርድ እናት ፊት ቆሞ ፈቃድ መጠየቅን አስቡት። በማግስቱ ማታ ፈቃድ ተይዞ እንደገና ወጡ። ያንን ሰፈር ሰፈር ያደረገው ልማድ ከጎርፉ ተርፎ በፈቃድ ወረቀት ሊያልቅ ነበር።

ከተያዙት ሁለቱ አንዱ የሪበርዝ ብራስ ባንድ ከበሮ መቺ ዴሪክ ታብ ነው። በጎርፉ ማግስት ከ7,000 በላይ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ተሰናብተው፣ የየትምህርት ቤቱ ባንድ አሰልጣኝ ከልጆቹ ጋር ተለያይቶ ነበር። ታብ ሩትስ ኦፍ ሚዩዚክ የተባለ ነገር አቋቋመ። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ከትምህርት በኋላ በነጻ ሙዚቃ ያስተምራል፤ የቤት ሥራ ያሠራል፣ ትኩስ ምግብ ያበላል፣ በአውቶቡስ ወደ ቤት ይመልሳል። አውቶቡሱንና ምግቡን ያሰበ ሰው ልጅ የሚቀረው ለምን እንደሆነ ያውቃል። በሙዚቀኞች መንደርም በነሐሴ 2003 በብራንፎርድ አባት፣ በመምህሩ በኤሊስ ማርሳሊስ ስም የሙዚቃ ማዕከል ተከፈተ። ኤሊስ በመጋቢት 2012 በኮሮና አርፈዋል፤ ማዕከሉ ግን ልጆቹን ይቀበላል።

ሐኪምም ነበራቸው። ለሙዚቀኞች ብቻ የተቋቋመው ክሊኒክ ከጎርፉ በፊት ስለነበረ፣ የከተማዋ ድሆች የሚታከሙበት ትልቁ ሆስፒታል ተዘግቶ ሲቀር የሚሄዱበት አላጡም። ይህ ዋናው ነገር ይመስለኛል፦ ጎርፍ ሲመጣ የጠቀመው ከጎርፉ በፊት የተቋቋመው ነው። ክሊኒኩም፣ ማኅበራቱም። የወረቀቱ ሥራ ግን ከጎርፉ በኋላ ተጀምሮ ሁለትና ሦስት ዓመት በላ፤ በእነዚያ ዓመታት ሂዩስተን የለመደ ሰው ልጁን እዚያ ትምህርት ቤት አስገባ።

ደብተሩ

ካትሪና በደረሰ በዓመቱ፣ በ1998 ክረምት፣ ጣና ሞልቶ በማዶ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ውኃ እኛን አይረሳንም። እኔ ግድብ የምሠራ ሰው አይደለሁም፤ ሒሳብ እጽፋለሁ።

እናም በከተማችን ካሉት አዝማሪዎች ጋር ደብተር ጀመርን። አንድ ገጽ ለአንድ ሰው፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተዋዋሉበት ክፍያ፣ ሽልማት፣ የባለቤቱ ፊርማ። የክፍል ኪራይ ውላቸውንም ከእነሱ ሦስቱ ጽፈው አስፈረሙ። ሲሞላ ቁጠባ ማኅበር እናቋቁምበታለን፤ ማኅበሩ ደግሞ በራሱ ማኅተም «ይህ ሰው ከዚህ ቀን ጀምሮ ሠርቷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ከመካከላቸው ታላቂቱ፣ መድረክ ላይ «ተቀበል!» ሲባሉ ግጥሙን ከአፍ ቀምተው የሚመልሱ ሴት፣ የመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ ግንባሬ ላይ የለጠፉልኝንም ነው የምትጽፈው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ። እሱን ነው በተለይ።»

«ሰክሮ የሰጠኝንስ?»

«እሱንም።»

ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ቅዳሜ መራዊ የነበረውን ሠርግ ጻፍ» አሉ። በቃላቸው ያዙት፤ ማን ስንት እንደሰጠ፣ በየትኛው ግጥም ላይ እንደሰጠ። እኔ ጻፍኩ።

እስካሁን ሦስት የአዝማሪ ቤት ባለቤቶች ፈርመዋል። አራተኛው፣ ብዙ ሥራ የሚሰጣቸው እሱ ነው፣ ፊርማው ግብር ያመጣብኛል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ እውነት አለው፤ ገቢ የተጻፈበት ደብተር ለአበዳሪም ለግብር ሰብሳቢም እኩል ይነበባል። የእሱን ሽያጭ ሳይሆን ለሙዚቀኛው የከፈለውን ብቻ እንደምንጽፍ አሳየሁት። ላስብበት አለኝ። ማክሰኞ ደብተሩን ይዤ ተመልሼ እሄዳለሁ።